አልሸባብን የወለደው ማን ነው? ጦሩ ሁሉ ቢወጣስ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ታላቅ ወንድሜ በ1999 ዓ.ም. ሶማሊያ ከዘመቱት አንዱ ነው። ቤት ውስጥ ነገሩ በተነሣ ቁጥር እሱ ‹ያኔ ባንገባ ኖሮ ጅግጅጋና ድሬዳዋ ላይ ነበር የምንዋጋቸው› ይላል። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ታናሽ እህታችን ደግሞ ‹አልሸባብን ያመጣችሁት እናንተው ናችሁ› ትለዋለች። ልክ የሆነው ማንኛቸው ነው? የውጭ ጦር በሙሉ ዛሬ ጠቅልሎ ቢወጣስ ጦርነቱ ያበቃል ወይ?»

አስቀድሜ ለወንድምዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። በዚያ ዘመቻ ስንት ልጅ እንደወደቀ ለሕዝብ በዝርዝር ተነግሮ አያውቅም። እንዲህ ካለ ቦታ የተመለሰ ሰው በገዛ ቤቱ «እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት» ሲባል ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም። እህትዎም ግን ከመሬት ተነሥታ አልተናገረችም። ለሁለቱም የሚሆን መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ፤ ትንሽ ይረዝማል። ዓ.ም. ያላልኩባቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ጦር ነው፤ ገባ አልገባ፣ ይውጣ አይውጣ። ሶማሊያን ከ30 ዓመት በላይ ያመሳት ጥያቄ ግን «ዳኛው ማን ነው?» የሚለው ይመስለኛል። ሁለት ጎረቤታሞች በቦታ ቢጣሉ፣ የነጋዴ ዕቃ መንገድ ላይ ቢዘረፍ፣ የማንን ደጅ ይጠናሉ? ለዚህ መልስ የያዘ ኃይል ሁሉ እዚያ አገር ሰው አግኝቷል። መልስ የሌለው ደግሞ ታንክ ቢኖረውም የያዘውን ከተማ አላጸናም። የምጽፈውን ሁሉ በዚህ ዓይን ያንብቡልኝ።

ሲያድ ባሬ በጥር 1991 ከሞቃዲሾ ሲሸሽ መንግሥት የሚባለው ነገር ከነፖሊሱና ከነዳኛው አብሮ ጠፋ። ባሬን ያባረሩት ሰዎች ተጣልተው ከተማዋን ለሁለት ከፈሏት፤ በሰሜን አሊ ማህዲ፣ በደቡብ ጄኔራል አይዲድ። ረሃብ ገባ። በታኅሣሥ 1992 የአሜሪካ ወታደሮች እህሉን ከዘራፊ ለመጠበቅ ባሕር ዳርቻው ላይ ወረዱ፤ የብዙ ሰው ሕይወትም አተረፉ። በስድስት ወር ውስጥ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። በሰኔ 1993 24 የፓኪስታን ሰላም አስከባሪዎች ተገደሉ፣ ተልእኮው አይዲድን ወደ ማደን ዞረ፣ በጥቅምት ወር በአንድ ቀንና ሌሊት ውጊያ 18 የአሜሪካ ወታደሮችና በመቶ የሚቆጠሩ ሶማሌዎች ሞቱ። እህል ሊጠብቅ የመጣው ጦር እንደ አንዱ ጎሳ ተዋጊ ሆኖ ቁጭ አለ። በመጋቢት 1995 የተባበሩት መንግሥታት ኃይል ጠቅልሎ ወጣ። ሁሉም ሲወጣ ምን እንደሚሆን ሶማሊያ አንድ ጊዜ አይታዋለች ማለት ነው፦ ሰላም አልመጣም፣ አበጋዞቹ፣ የየጎሳው የጦር አለቆች፣ ቀጠሉ።

ፍርድ ቤቶቹ የበቀሉት ከዚህ ባዶ ላይ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየሰፈሩ የጎሳ ሽማግሌዎች፣ ሼኮችና ነጋዴዎች ተሰብስበው በሸሪዓ የሚዳኝ ፍርድ ቤት ያቋቁሙና ጥቂት ታጣቂ ይቀጥሩለት ነበር። ነጋዴው ገንዘብ ያወጣው የግድ አክራሪ ስለሆነ አይደለም፤ በየመንደሩ መውጫ ገመድ ዘርግቶ «ክፈል» ለሚለው ጎረምሳ ሁሉ ከመክፈል ለአንድ ዳኛ መክፈል ስለሚረክስለት ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው በኋላ የመጣውን ሁሉ አይረዳም።

የወንድምዎ እውነት ደግሞ እዚህ ላይ ይነሣል። በዚያው ዘመን አልኢትሓድ አልኢስላሚያ የሚባል ታጣቂ ድርጅት ነበር፤ ሶማሌ ክልላችንን ጭምር የሚመኝ። በ1996 አዲስ አበባና ድሬዳዋ ውስጥ ሆቴሎች ላይ ቦምብ ፈነዳ፤ በዚያው ዓመት ሚኒስትሩ ዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን በጥይት ተመትተው በተአምር ተረፉ። የኢትዮጵያ ጦር ድንበር ተሻግሮ ጌዶ ውስጥ ሉቅ ላይ የነበረውን ሰፈራቸውን በነሐሴ 1996ና በጥር 1997 መታ። ከዚያ ተመለሰ፤ ከተማ ይዤ ላስተዳድር አላለም። አልኢትሓድም እንደ ጦር አበቃለት። ወንድምዎ «እደጃችን ይመጡ ነበር» ሲል ባዶ ፍርሃት አይደለም፤ አንድ ጊዜ መጥተው ነበርና።

ከአልኢትሓድ ርዝራዦችና አፍጋኒስታን ደርሰው ከተመለሱ ወጣቶች የተውጣጣ ትንሽ ቡድን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሞቃዲሾ ውስጥ መንቀሳቀስ ጀመረ። አንዱ መሪው አደን ሃሺ አይሮ ነበር። በ2005 መጀመሪያ የጣሊያኖችን መቃብር ቆፍረው አጥንቱን የበተኑት፣ በየሰፈሩ ምሁርና መኮንን እየለቀሙ የገደሉት እነዚህ ናቸው። አልሸባብ የሚለው ስም የተጣበቀው በእነርሱ ላይ ነው። ልብ ይበሉ፣ ይህ የኢትዮጵያ ጦር ሞቃዲሾን ከመርገጡ ሁለት ዓመት በፊት ነው። እህትዎ «የፈጠራችሁት እናንተ» ስትል ቀኑ አይደግፋትም።

ነገር ግን ያኔ በጥቂት መቶ የሚቆጠሩ፣ የገዛ ሰፈራቸው ሰው እንኳ የሚፈራቸውና የሚጠላቸው ነበሩ። ከሌሎቹ ፍርድ ቤቶች ጋር አንድ ጥላ ሥር ያስገባቸው የ2006 ክስተት ነው። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሽብርተኛ ያድኑልኛል ብሎ ለሞቃዲሾ አበጋዞች ገንዘብ ሰጠ፤ እነርሱም ፀረ ሽብር ኅብረት ብለው ስም አወጡ። እነዚሁ 15 ዓመት ሕዝቡን ሲዘርፉ የኖሩት ሰዎች! ከተማው ፍርድ ቤቶቹን ደግፎ ተነሣ፤ በሰኔ 2006 አበጋዞቹ ተጠራርገው ወጡ። የፍርድ ቤቶቹ ኅብረት ሞቃዲሾን የገዛው ስድስት ወር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከ1995 ጀምሮ ተዘግቶ የነበረውን አውሮፕላን ማረፊያ ከፈተ፣ ወደቡን ከፈተ፣ ኬላዎቹን አነሣ። ሰዎች ማታ ደጅ መቆም ጀመሩ። ጫት ከለከሉ፣ አንዳንዶቹ ኳስ የሚታይባቸውን ቤቶች ዘጉ፤ ይህ ያስከፋቸው ብዙ ነበሩ፤ ሆኖም ዳኛ ተገኝቶ ነበር።

ችግሩ ኅብረቱ ሁለት ራስ ነበረው። ሊቀ መንበሩ ሼክ ሸሪፍ ሼክ አሕመድ የሚያነጋግሩ ሰው ነበሩ። ሹራውን፣ ማለት የምክር ጉባኤውን፣ የሚመሩት ሐሰን ዳሂር አዌስ ግን የቀድሞው የአልኢትሓድ የጦር መሪ ናቸው፤ በኢትዮጵያና በኬንያ የሚኖሩ ሶማሌዎችን ከሶማሊያ ጋር ስለማዋሐድ በአደባባይ ይናገሩ ነበር። ኤርትራም መሣሪያ እንደምትልክ የተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪ ቡድን ዘግቧል። አዲስ አበባ ሲሰማ ይህ ምን እንደሚመስል መገመት ይቻላል።

ምክር ቤታችን በኅዳር 1999 ዓ.ም. አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ ለመውሰድ ፈቀደ። በዚያው ሰሞን የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1725 የቀጠናው ኃይል እንዲገባ ሲፈቅድ፣ የሶማሊያ አዋሳኝ አገሮች ጦር እንዳይልኩ ደግፎ ነበር። የኢትዮጵያ መከራከሪያ ሌላ ነበር፦ ራስን መከላከል ነው፣ ደግሞም የሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ጠርቶናል። የተጠራ ጦር በዓለም አቀፍ ሕግ ወራሪ አይባልም፤ ይህ ለረጅም ጊዜ የኖረ መርህ ነው። ግን ጠሪው ሥልጣኑ ከባይደዋ ከተማ ብዙም ያልራቀ መንግሥት ሲሆን ጥሪው ምን ያህል ይመዝናል? በሶርያም በየመንም ተመሳሳይ ክርክር ተነሥቷል፤ ሕጉ እስካሁን ጥርት ያለ መልስ አልሰጠም።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1999 ዓ.ም. ሞቃዲሾ ተያዘች። ውጊያው ቀናት ብቻ ፈጀ። የወንድምዎ ጓዶች የታዘዙትን በሚገባ ፈጽመዋል፤ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ድሉ ያፈረሰው ፍርድ ቤቶቹን ነው። ሼኩ፣ ነጋዴው፣ ሽማግሌው፣ ሊነጋገር የሚችለው ሁሉ ወደ አስመራና ወደ ሌላ አገር ተበተነ። የማይነጋገረው፣ ከጥንቱ በስውር መሥራት የለመደው፣ እዚያው ቀረ። ቢመታም የማይፈርስ አደረጃጀት የነበረው እርሱ ብቻ ነበርና ሜዳው የእርሱ ሆነ።

በዚህ ላይ የታሪኩን ቁስል ይጨምሩበት። ካራማራ በእኛ ቤት የወራሪ መመከቻ ነው፤ የሲያድ ባሬ ጦር ጅግጅጋን ይዞ እስከ ሐረር በር እንደመጣ ወላጆቻችን ያስታውሳሉ። ሞቃዲሾ ላይ ግን ሐውልት የቆመለት ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ነው፤ እኛ ግራኝ የምንለው። የኢትዮጵያን መለዮ የለበሰ ወታደር በዚያ ሐውልት ከተማ ኬላ ላይ ሲቆም፣ ትሕትናው ምንም ያህል ቢሆን፣ አልሸባብ ማስረዳት እንኳ አያስፈልገውም። በ2007 መጋቢትና ሚያዝያ ከተማው ውስጥ በመድፍ ጭምር የተደረገው ውጊያ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው አፈናቀለ፤ የአፍጎዬ መንገድ ግራና ቀኙ በጨርቅ ጎጆ ተሞላ። ከዚያ ሰፈር የወጣ ልጅ ለማን እንደሚሰለፍ አይጠፋዎትም። ከሚኒሶታ እንኳ 20 ገደማ ወጣቶች አሜሪካን ጥለው መጡ፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ የመጡበት ስሜት ሃይማኖት ብቻ ሳይሆን «አገሬ ተወረረች» የሚል ነበር። ስለዚህ እህትዎን ላስተካክላት፦ አልሸባብን ያ ዘመቻ አልወለደውም። በመቶ የሚቆጠረውን ግን በሺህ እንዲቆጠር አድርጎታል።

እንግዲህ ሁለተኛውን ጥያቄዎን በተመለከተ በተግባር የተፈተነ ነገር አለን። በ2008 ጅቡቲ ላይ በተደረገ ስምምነት መሠረት የኢትዮጵያ ጦር በጥር 2009 ወጣ። በዚያው ወር መጨረሻ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት ማን ናቸው? ጦሩ ከሁለት ዓመት በፊት ከሞቃዲሾ ያባረራቸው ሼክ ሸሪፍ። ጦሩ ወጥቷል፣ የፍርድ ቤቶቹ መሪ ቤተ መንግሥት ገብተዋል፣ ሸሪዓ የአገሪቱ ሕግ እንዲሆን ፓርላማው አጽድቋል። የጦርነቱ ምክንያት የኢትዮጵያ ወታደር ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት።

አልሸባብ ባይደዋን የያዘው ጦሩ በወጣ ማግስት ነው። በግንቦት ሼክ ሸሪፍን ራሳቸውን ከቤተ መንግሥት ለማውጣት ዘመተ። በታኅሣሥ 2009 የሆነውን ግን መቼም አልረሳውም። ሞቃዲሾ፣ ሻሞ ሆቴል፤ የቤናዲር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይመረቃሉ፤ አብዛኞቹ የሕክምና። አዳራሹ በወረቀት አበባ አጊጧል፣ ወላጆች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከ18 ዓመት ጦርነት በኋላ ያቺ አገር በራሷ መምህራን አስተምራ ያወጣቻቸው ሐኪሞች ናቸው። አጥፍቶ ጠፊው መሐላቸው ገብቶ ራሱን አፈነዳ። ከተገደሉት ሦስት ሚኒስትሮች አንዱ የከፍተኛ ትምህርት ሚኒስትሩ ኢብራሂም ሐሰን አዶ ናቸው፤ በ2006 የፍርድ ቤቶቹ ኅብረት የውጭ ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ሰው። ወራሪን የሚዋጋ ቡድን የገዛ የቀድሞ ጓዱንና ሐኪም ልጆቹን ለምን ይገድላል? ሽብር ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ሰውየው ያደረገው ነገር ሳይሆን በዚያ መቀመጡ ብቻ ለሞት ሲያበቃው።

በቀጣዩ ሐምሌ ተራው የካምፓላ ሆነ። የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እየታየ ሳለ ሁለት ቦታ ፈንድቶ ከ70 በላይ ሰው ሞተ። አንዱ ቦታ ካባላጋላ የሚገኘው የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነበር። ዑጋንዳ የተመታችው ወታደሮቿ ሶማሊያ የገባውን የአፍሪካ ኅብረት ኃይል ስለመሠረቱ ነው፤ ግን የሐበሻ ምግብ ቤት የተመረጠው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ታዲያ እንዲህ የሚገድል ቡድን በምን ይኖራል? አንድ ጭነት መኪና ይውሰዱ። ሹፌሩ አልሸባብ በያዘው መንገድ ሲያልፍ ኬላ ላይ እንደ ጭነቱ ዓይነትና መጠን ይከፍላል፤ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ቀጣዩ ኬላ ላይ ደረሰኙን ዘርግቶ ያልፋል። በሌላው መንገድ፣ የመንግሥት መለዮ ባለበት፣ በየኬላው እንደ አዲስ ይከፍላል፤ ደረሰኝ የሚባል የለም። በሞቃዲሾ ወደብ ዕቃ የሚያስገባ ነጋዴ እንኳ ለመንግሥት ከፍሎ ለአልሸባብም ይከፍላል። የአሜሪካ ግምጃ ቤት የቡድኑን ዓመታዊ ገቢ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይገምተዋል። መሬቱን የተቀማ የሞቃዲሾ ነዋሪም ከተማው ውስጥ ያለውን የመንግሥት ችሎት ትቶ ከከተማ ውጭ ወዳለው የአልሸባብ ችሎት ይሄዳል፤ እዚያ ጉቦ ብዙም አይሠራም፣ ፍርዱም ይፈጸማል። የሚፈጸመው ባለዕዳው እምቢ ቢል እንደሚገደል ስለሚያውቅ ነው። ይህን ማድነቄ አይደለም። በጥቅምት 2017 በዞቤ መስቀለኛ መንገድ በአንድ መኪና ቦምብ 600 የሚጠጋ ሰው የፈጀውም ይኸው በደረሰኝ የሚሠራ ቡድን ነው። ግን የ1990ዎቹ ሰፈርተኛ ያቋቋመውን የዳኝነት ወንበር ማን እንደወረሰው ልብ ይሏል።

ስለ ስያሜውም አንድ ነገር ልበል። አንድን ቡድን «ሽብርተኛ» ብሎ መዝገብ ውስጥ ማስገባት ድርጊቱን በስሙ መጥራት ብቻ አይደለም፤ ባንኩን፣ እርዳታውን፣ ድርድሩን ሁሉ ይነካል። በ2011 ረሃብ አልሸባብ የእርዳታ ድርጅቶችን አባረረ፣ ሕዝቡ ከየመንደሩ እንዳይወጣ ከለከለ፤ ዋናው ጥፋት የእርሱ ነው። የውጭ ለጋሾችም በበኩላቸው እህሉ አልሸባብ እጅ ቢገባ በሕግ እንጠየቃለን ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ። በኋላ በተደረገ ጥናት 260,000 ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል፤ ግማሹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት።

ድርድርም ቢሆን በይፋ ተዘግቶ በጓሮ ሲሠራበት የኖረ ነው። ሼክ ሸሪፍን አይተናል። በ2006 የፍርድ ቤቶቹን ወገን ወክለው ኪስማዮን ያስተዳድሩ የነበሩት አሕመድ ማዶቤ ቆስለው በኢትዮጵያ ጦር ተማርከው ነበር፤ ከ2013 ወዲህ የደቡብ ሶማሊያዋ የጁባላንድ ክልል ፕሬዚዳንት ናቸው። የአልሸባብ ምክትል መሪ የነበሩት ሙክታር ሮቦው በ2022 የሃይማኖት ጉዳዮች ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ከ1968 እስከ 2006 የነበሩ 648 ሽብርተኛ ቡድኖችን የመረመረ ራንድ ኮርፖሬሽን የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ጥናት፣ ካበቃላቸው ውስጥ 43 በመቶው ወደ ፖለቲካ በመግባት፣ 40 በመቶው በፖሊስና በስለላ ሥራ፣ በጦር ኃይል ግን 7 በመቶው ብቻ እንዳበቃላቸው አግኝቷል። እንደ አልሸባብ መሬት ይዞ የሚዋጋ ቡድን ሲሆን የጦሩ ድርሻ ከዚህ ከፍ ይላል፤ ሆኖም እዚያም ከፖለቲካው በእጅጉ ያንሳል።

አሁን ወደ «ዛሬ ቢወጡስ?» ልመለስ። የአፍሪካ ኅብረት ኃይል በጥንካሬው ዘመን ከ22,000 በላይ ነበር፤ ስሙ ከአሚሶም ወደ አትሚስ፣ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ወደ አውሶም ተቀይሮ ዛሬ በገንዘብ እጥረት ይንገዳገዳል። ነገ ጠዋት ቢወጣ ጦርነቱ የሚያበቃ አይመስለኝም፤ ቢያበቃም አፍጋኒስታን በነሐሴ 2021 ባበቃበት መንገድ፣ በአንድ ወገን ድል ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ ተመልሳ ገብታለች፤ ያም ሆኖ በሐምሌ 2022 የአልሸባብ ተዋጊዎች ሶማሌ ክልላችን አፍዴር ዞን ድረስ ገብተው ውጊያ ተደርጓል። መግባትም መውጣትም ለብቻው መልስ አልሆነም።

ከሁሉ የተሻለውን ነገር ያየሁት በዚያው በ2022 ነው፤ ከውጭም አልመጣም። በመካከለኛው ሶማሊያ ሂራን ውስጥ ድርቅ ከብቱን እየጨረሰ ሳለ አልሸባብ ግብር አልቀነስም አለ፣ የውኃ ጉድጓድ አፈነዳ፣ ምግብ የጫኑ መኪናዎችን አቃጥሎ ተሳፋሪዎችን ገደለ። አርብቶ አደሮቹ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ጠመንጃ አንሥተው ወጡ፤ ማዓዊስሌ የሚባሉት በዚሁ በሽርጣቸው ነው። መንግሥቱ፣ የአሜሪካና የቱርክ ድሮኖች ከኋላ ደገፏቸው እንጂ አልቀደሟቸውም። በጥቂት ወራት ውስጥ ለዓመታት ያልተደፈረ ሰፊ መሬት ነጻ ወጣ፤ በታኅሣሥ 2022 አደን ያባል የምትባለው ከተማም ተያዘች።

ወንድምዎ ይህችን ከተማ በካርታ ላይ ይፈልጋት፤ እህትዎም አብራ ትይ። ወታደር ገባ፣ ባለሥልጣን ጎበኘ፣ ፎቶ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ለነዋሪው የደረሰው አስተዳደር እጅግ ጥቂት ነበር፤ ነጻ ያወጡት ጎሳዎች ደግሞ በሥልጣንና በግጦሽ እርስ በርስ ሲካሰሱ የሚያስታርቃቸው አላገኙም። በሚያዝያ 2025 አልሸባብ ተመልሶ ከተማዋን ያዘ።